ውሻ ወይም ድመት ከመጠለያ፣ ከጎረቤት ወይም ከመንገድ መውሰድ፦ ለጎጃም ነዋሪ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ጎጃም ውስጥ ቡችላ ማግኘት የሚቸግረው ሰው የለም። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ሞጣ፣ ቡና ላይ «ቡችላ እፈልጋለሁ» ብላችሁ አንድ ጊዜ ተናገሩ፤ ሳምንት ሳይሞላ ከሁለት ከሦስት ቤት «ኑና ውሰዱ» ትባላላችሁ። የሚቸግረው የተመረመረ፣ የተከተበና ዐመሉ የታወቀ እንስሳ ማግኘት ነው።

የእንስሳት መጠለያ እንስሳ ሰብስቦ ከመመገብ ያለፈ ሥራ አለው። አዲስ የገባውን ለይቶ ያቆያል፣ ያስመረምራል፣ ያስከትባል፣ ያመክናል፣ ዐመሉን ያጠናል። ከዚያም ሊወስድ የመጣውን ሰው ይመረምራል፤ የማይሆነውንም ባዶ እጁን ይመልሳል። አዲስ አበባ ውስጥ በበጎ ፈቃደኞች የሚተዳደሩ እንዲህ ያሉ መጠለያዎች አሉ። በእኛ አካባቢ ግን አብዛኛው ውሻና ድመት ከግቢ ወደ ግቢ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚተላለፈው። ስለዚህ መጠለያው ይሠራው የነበረው ሁሉ በወሳጁ ላይ ይወድቃል፤ ወሳጁን መመርመርም ጭምር። ከዚያ እንጀምር።

ከመሄዳችሁ በፊት

ለምን እንደፈለጋችሁት በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ቆዩ። ለግቢ ጥበቃ ነው? ለአይጥ ነው? ልጆቹ አልቅሰው ነው? ሦስተኛው ምክንያት ብቻውን አይበቃም፤ ልጅ በወሩ ሌላ ጨዋታ ያገኛል፤ ውሻው ግን ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል።

ለጥበቃ የምትፈልጉ ሰዎች ከግልገሎቹ መካከል ቁጡውን ወንድ መምረጥ ይቀናችኋል። እኔ ግን ለግቢ የሚያስፈልገው የሚጮኽ ውሻ ነው እላለሁ፤ የሚነክስ ውሻ ሌባ ከመያዙ በፊት የውኃ ቆጣሪ አንባቢውን ወይም የጎረቤት ልጅ ይይዛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። «ድንገት አምልጦኝ ነው» ወይም «እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላሰብሁም» የሚለው ምክንያት ከኃላፊነት አያድንም። ሴት ውሻ ደግሞ ትጮኻለች፣ ግቢዋንም ትጠብቃለች፤ ሰው የሚሸሻት ትወልዳለች ብሎ ነው። ለእርሱ መላ አለው፤ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ተከራይ ከሆናችሁ የአከራያችሁን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። ቡችላው ትንሽ ሳለ ዝም ያለ አከራይ፣ ውሻው አድጎ የጓሮውን ጎመን ሲቆፍር «ይውጣልኝ» ማለቱ አይቀርም። በአንድ ግቢ ብዙ ቤተሰብ የሚኖር ከሆነም ሁሉንም አማክሩ። የንስሐ አባት ለጸሎት ወይም ጸበል ለመርጨት የሚመጡበት ቤት ከሆነ ውሻው በዚያ ሰዓት የት እንደሚቆይ ቀድሞ ቦታ ይበጅለት፤ በዚህ ምክንያት በኋላ የተባረሩ ውሾች ብዙ ናቸው።

ወጪውን ስታስቡ ሁዳዴን አትርሱ። በፍስክ ወራት ከማዕድ የሚተርፈውና ከሥጋ ቤት የሚለመነው አጥንት ለአንድ ውሻ ይበቃ ይሆናል። ሃምሳ አምስቱ ቀን ሲገባ ግን ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ማዕዱም ሽሮና ጎመን ይሆናል። ውሻው አይጾምም።

የመጀመሪያው ጉብኝት

ባዶ እጃችሁን ለመመለስ ወስናችሁ ሂዱ። ይህን የምለው በእኛ አገር ለእንግዳ «አልፈልግም» ማለት ስለሚከብድ ነው። ባለቤቷ ቡና አፍልታ፣ ቡችላውን በካርቶን አድርጋ ጭናችሁ ላይ ስታስቀምጠው መመለስ ነውር ይመስላል። «እትየ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ዛሬ ልናየው ነው የመጣነው፤ ከቤት ተማክረን እንመለሳለን» ብትሉ የሚቀየም የለም። ከተቻለ አንድ ጊዜ ጠዋት፣ አንድ ጊዜ ማታ እዩት። ጠግቦ የተኛ ቡችላ ሁሉ ጨዋ ነው።

በመጀመሪያ እናትየዋን አሳዩኝ በሉ። ከስታ የጎድን አጥንቷ የሚቆጠር፣ ጠጉሯ የረገፈ ከሆነ ልጆቿም የእርሷን ወስፋትና እከክ ሳይዙ አይቀሩም። ስትቀርቧት ምን ታደርጋለች? ልጆቿን ለመጠበቅ ብትጮኽ የተለመደ ነው። ባለቤቷ ሲያረጋጋት ከተረጋጋች መልካም ምልክት ነው። ጥግ ይዛ የምትንቀጠቀጥ ከሆነች ልጆቿም ሰው ፈሪ የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው። ፈሪ ውሻ ደግሞ ከቁጡው ይልቅ ሳይታሰብ ይነክሳል።

ዕድሜውን በጥርሱ አረጋግጡ። ስምንት ሳምንት ያልሞላው ቡችላ ከእናቱ መነጠል የለበትም፤ የንክሻውን ኃይል መጠን የሚማረው ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው። በዚያ ዕድሜ ሃያ ስምንቱ የወተት ጥርሶች ወጥተው፣ እንደ መርፌ ሹል ሆነው ይታያሉ። የፊት ጥርሶቹ በአራት ወር ገደማ ይረግፋሉ፤ በሰባት ወር አካባቢ አርባ ሁለቱ ቋሚ ጥርሶች ይሞላሉ። «ሦስት ወሩ ነው» የተባለ ቡችላ የታች ድዱ ላይ ጥርስ ገና እያጎጠጎጠ ከሆነ አንድ ወር ያህል ቢሞላው ነው። ባለቤቷን ሳታስቀይሙ «ከአንድ ወር በኋላ እንወስደዋለን» በሉ።

ቀጥሎ ገላውን ፈትሹ። ቡችላውን በሁለት እጅ፣ አንዱን ከደረቱ ሥር ሌላውን ከኋላው አድርጋችሁ አንሡት። ከንፈሩን ገለጥ አድርጉ፤ ድዱ እንደ ሰው ጥፍር ሥር ቀላ ያለ ካልሆነና ከነጣ ቁንጫ፣ መዥገር ወይም የአንጀት ትል ደሙን እየመጠጠው ነው። ዐይኑ ጥርት ያለ፣ አፍንጫው ዝልግልግ ፈሳሽ የሌለበት ይሁን። ጆሮውን አሽትቱ፤ የሚከረፋ፣ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ቆሻሻ የሞላበት ከሆነ የጆሮ እከክ ይዞታል። ይህ ይድናል፤ ለመተው ምክንያት አይሆንም። በትከሻው መካከል ያለውን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ልቀቁት፤ ወዲያው ካልተመለሰና ቆሞ ከቀረ ውኃ አጥሮታል። ጎድኑ ከስቶ ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ ቡችላ ወስፋት አለበት፤ ይህም ይድናል። ከግልገሎቹ አንዱ እንኳ ደም የቀላቀለ ቀጭን ተቅማጥ ካለበት ግን ሁሉንም ተዉና ውጡ። ፓርቮ የተባለው ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ቡችላ ይገድላል፣ በአፈር ውስጥም ለወራት ይቆያል። ቤታችሁ ሌላ ቡችላ ካለ ጫማችሁን በበረኪና ሳታጥቡ አትግቡ።

ዐመሉን ለማየት ከእናቱና ከወንድሞቹ ለይታችሁ መሬት ላይ አኑሩትና ጥቂት እርምጃ ራቁ። ፊት ለፊት ሳይሆን በጎናችሁ ቁጢጥ በሉ፤ ዐይኑን አታፍጥጡበት። ከአፍታ በኋላ መጥቶ እጃችሁን የሚያሸት ለቤተሰብ ይሆናል። ከዚያ የቁልፍ ዘለላ ከኋላው ጣል አድርጉ። መደንገጡ አይጠላም፤ የሚታየው ከደነገጠ በኋላ ያለው ነው። ተመልሶ «ይህ ምንድን ነው» ብሎ ቁልፉን የሚያሸተው ቡችላ የክረምቱን መብረቅ፣ የቡሄን ጅራፍና የሠርግ ተኩስ ይችላል። ጥግ ገብቶ የቀረውን ትናንሽ ልጆች ላሉበት ቤት አልመክረውም። ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ዐሥራ አራተኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ቡችላ ከሰው ጋር የሚላመድበት ዋና ዘመኑ ነው፤ በዚያ ጊዜ ሰው ያልዳሰሰው በኋላ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ያደገ ውሻ ስትወስዱ

ባለቤቱ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ወይም ቤት ሲሸጥ የሚተወው ውሻ አለ። እንዲህ ያለውን ከቡችላ አስበልጣለሁ፤ ዐመሉ ወጥቶ የታየ ነው፣ ጫማም አይበላም። ባለቤቱን ግን ሳታፍሩ ጠይቁ፦ ሰው ነክሶ ያውቃል? ዶሮ ወይም በግ ያሳድዳል? ሌሊት ይፈታ ነበር ወይስ ዘወትር ታስሮ ነው ያደገው? የክትባት ካርዱ የታለ? «ተከትቧል» የሚል ቃል ካርድ ከሌለው አልተከተበም ብላችሁ ቁጠሩት።

ጭራውን መቁላቱን ብቻ አይታችሁ አትመኑ። ገላው ላልቶ፣ ወገቡ አብሮ እየተወዛወዘ የሚቆላ ውሻ ደስ ብሎታል። ጭራውን ወደ ላይ አቁሞ ቶሎ ቶሎ የሚያርገበግብ፣ አፉን የገጠመ፣ የዐይኑ ነጭ የሚታይ ውሻ «አትቅረበኝ» እያለ ነው።

ከመንገድ ለምታነሡት አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለ። መንጋጋው የወደቀ፣ ለሐጩ የሚዝረከረክ፣ ድምፁ የተለወጠ፣ መዋጥ ያቃተው ወይም ያለ ምክንያት የሚለካከፍ ውሻ አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ይኸው ነው።

ወደ መጠለያ የምትሄዱ ከሆነ

አዲስ አበባ ለሥራ ወጥታችሁ መጠለያ ለማየት ካሰባችሁ ቀድማችሁ ደውሉ፤ ድንገት መጥቶ መምረጥ አይወደድም። መታወቂያ ይጠይቃሉ፣ ቤታችሁን በፎቶ ማየት ይፈልጋሉ፣ የቤተሰቡ አባላት መስማማታቸውን ያረጋግጣሉ፣ ለሕክምና ወጪ የሚሆን ክፍያ ሊያስከፍሉም ይችላሉ። ይህን እንደ ንቀት አትቁጠሩት። እናንተም በተራችሁ ጠይቁ፦ ስንት ጊዜ ቆየ? ምን ታሞ ነበር? ከዚህ በፊት ወስዶ የመለሰው ሰው አለ? ለምን መለሰው? መጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል።

ብዙ ውሻ በሚጮኽበት አጥር ውስጥ ያለ እንስሳ ቤት ሲገባ የሚኖረውን ዐመል አያሳይም። ስለዚህ በማሰሪያ ወደ ውጭ አውጥታችሁ ትንሽ አብራችሁ ተራመዱ። ከኋላ ሆኖ ዝም ያለው፣ ሰው ሁሉ የሚያልፈው ውሻ ብዙ ጊዜ ለቤት የሚሆነው እርሱ ነው።

ወረቀት

ከዘመድም ብትወስዱ አጭር ስምምነት ጻፉ። የሰጪና የተቀባይ ስም፣ ቀኑ፣ የእንስሳው ጾታ፣ ቀለምና ልዩ ምልክት፣ የተሰጠው ክትባት፣ «ካልተስማማን በዚህን ያህል ቀን ውስጥ እንመልሳለን» የሚል ቃል፣ የሁለት ምስክር ፊርማ። ለቡችላ ምስክር ማስፈረም ያስቃል፤ ውሻው ሰው የነከሰ ዕለት «የማን ነው» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ግን የሚስቅ አይኖርም።

ማጓጓዝ

ድመትን በማዳበሪያ ጆንያ ከትቶ መውሰድ የቆየ ልማድ ነው፤ መንገዱን እንዳታውቀው ተብሎ። ጆንያ ውስጥ ትታፈናለች፣ ስትወጣም ያገኘችውን ትቧጭራለች። ክዳን ያለው ቅርጫት ወይም ቀዳዳ የተበሳለት ወፍራም ካርቶን ይሻላል፤ ከሥሩ ያደገችበትን ቤት ጨርቅ አንጥፉ።

ከአዲስ አበባ የምታመጡ ከሆነ መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድማችሁ አጣሩ። ከመነሣታችሁ አራት አምስት ሰዓት በፊት ምግብ ከልክሉ፣ ውኃ ግን አትከልክሉ። የዓባይን በረሃ ስትወርዱ ሙቀቱና ጠመዝማዛው ቡችላን ያስታውካል፤ ጎሐ ጽዮን ላይ አረፍ በሉ፣ ደጀን ላይ ደግሞ ውኃ ስጡ። ቆማችሁ ስትበሉ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ትታችሁት አትውረዱ።

ክሊኒክ

ወደ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ወይም በማግሥቱ የወረዳውን የእንስሳት ክሊኒክ ጎብኙ። ባሕር ዳር የምትኖሩ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው ዘንዘልማ በሚገኘው ግቢው የእንስሳት ሕክምና ስለሚያስተምር፣ ውሻ የሚያክም ሐኪም የት እንደሚገኝ እዚያ መጠየቅ ይቻላል። ክሊኒኮቻችን በአብዛኛው የሚያገለግሉት ከብት፣ በግና የጋማ ከብት ነው፤ የውሻ ክትባት ሁልጊዜ በማቀዝቀዣ አይገኝም። ቀድማችሁ ጠይቁ። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ውሻ የሚበቃ ስለሚሆንና ከተከፈተ ስለማይቆይ፣ የሰፈር ሰው አስተባብራችሁ ውሾቻችሁን በአንድ ቀን ብትወስዱ ሐኪሙም ደስ ይለዋል። በየዓመቱ መስከረም 18 ቀን የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ስለሚከበር በዚያ ሰሞን የክትባት ዘመቻ መኖር አለመኖሩን አጣሩ።

የእብድ ውሻ ክትባት በሦስት ወር ዕድሜ ይሰጣል፣ በዓመቱ ይደገማል፤ ለድመትም እንዲሁ። የፓርቮና የዲስቴምፐር (ሌላው ቡችላ የሚገድል የቫይረስ በሽታ) ጥምር ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ጀምሮ በየሦስት አራት ሳምንቱ፣ ዐሥራ ስድስት ሳምንት እስኪሞላ ይሰጣል፤ በአካባቢያችሁ ካልተገኘ ቡችላውን ይህን ዕድሜ እስኪያልፍ ሌሎች ውሾች ከሚውሉበት ሜዳ አርቁት። የትል መድኃኒት ከሁለት ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ ሦስት ወር ይሰጣል።

መድኃኒት የሚለካው በክብደት ነው። ሚዛን ከሌላችሁ ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ በካርቶን አስመዝኑት። ለከብት የተረፈ አይቨርሜክቲን የተባለ የትልና የእከክ መድኃኒት በግምት መውጋት ውሻ ይገድላል። ለከብት መዥገር የሚረጨውን ድመት ላይ አትርጩ። ለራስ ምታት የምትውጡትን ፓራሲታሞል ለድመት አትስጡ፤ አንድ ክኒን ይገድላታል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ሌላ እንስሳ ካላችሁ አዲሱን ሁለት ሳምንት ለይታችሁ አቆዩ፤ ዕቃውም የብቻው ይሁን። የመጠለያ ሰዎች «ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር» የሚሉት ልምድ አላቸው፤ በሦስት ቀን ድንጋጤው ይለቃል፣ በሦስት ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ይይዛል፣ በሦስት ወር ቤቴ ይላል። እንግዳ ጠርታችሁ «ኑ ውሻችንን እዩ» የምትሉበት ጊዜ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ነው።

የውሻ ቤት ስትሠሩ ቆርቆሮ ብቻ አትጠቀሙ። ፀሐይ ሲመታው ምድጃ ነው፤ የክረምቱ በረዶ ሲወርድበት ደግሞ ውስጥ ያለው ውሻ በጩኸቱ ይሸበራል። ከባሕር ዛፍ ጣውላ ትራፊ ሠርታችሁ፣ ጭቃው እንዳይደርስበት በድንጋይ ከፍ አድርጋችሁ፣ ጭድ አንጥፉበት፤ ጭዱን ቶሎ ቶሎ ካልቀየራችሁት የቁንጫ መናኸሪያ ይሆናል። ከተማ ዳር ያላችሁ አጥራችሁን ሥሩን ፈትሹ፤ ጅብ ሌሊት ውሻ ይወስዳል። የአንገት ቀበቶ ዘወትር ይኑረው። ባለቤት አልባ ውሾችን በመርዝ የማስወገድ ዘመቻ ሊካሄድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቀበቶ የሌለው ውሻ የጎዳና ውሻ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል።

ድመትን ሁለት ሦስት ሳምንት ከቤት አታስወጡ፤ ቶሎ ከወጣች ወደ ቀድሞው ቤት ትሄዳለች። በሳፋ አሸዋ አድርጉላት፣ በየቀኑም ጥረጉት። ፅንስ የሚጎዳው የቶክሶፕላዝማ ተውሳክ በእዳሪዋ ከወጣ በኋላ ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈጅበት ዕለት በዕለት ማጽዳት ትልቅ መከላከያ ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን ሥራውን ለሌላ ትተው። የአይጥ መርዝ ቤታችሁም ጎረቤትም እንዳይኖር ተነጋገሩ፤ የተመረዘ አይጥ የበላች ድመት ትሞታለች። በቆሎ ላይ የነቀዝ ክኒን የተደረገበት ጎተራም ለእርሷ አደገኛ ነው። ሥጋ ከጓዳ ብትሰርቅ አትምቷት፤ «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ነውና ሥጋውን ክደኑ።

ምግብ

ለውሻ እንጀራ በመረቅ፣ የተቀቀለ ክክ፣ እንቁላል፣ የሥጋ ትራፊ ይሆናል። ወጥ ግን አትስጡ፤ ወጣችን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ነው፣ ሁለቱም የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ዘቢብና ቸኮላታም ይመርዛሉ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል። ድመት ያለ ሥጋ ወይም ዓሣ አትኖርም፤ ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ካላገኘች ልቧና ዐይኗ ይጎዳል። ባሕር ዳር ያላችሁ ታድላችኋል፦ ከጣና የሚወጣውን የቆሮሶና የአምባዛ ጭንቅላት ቀቅላችሁ እሾሁን ለቅማችሁ ስጡ፤ በሁዳዴም መፍትሔው ይኸው ነው።

በበዓል ዕርድ ጊዜ ደግሞ በግ ሲገፈፍ ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት አውጥቶ ለውሻ መጣል የተለመደ ነው። ያ የውኃ ከረጢት የትል ዕጭ ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፣ እንቁላሉ በእዳሪው ይወጣል፣ ውሻውን የዳበሰ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ይውጠዋል። ከዓመታት በኋላ ያው የውኃ ከረጢት በልጁ ጉበት ላይ ይበቅላል፤ ማውጫውም ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። እንዲህ ያለውን ሳንባና ጉበት ቅበሩት ወይም አቃጥሉት፤ ለውሻው ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት በየጊዜው አሰጡት።

ቢነክስ

ቁስሉን በውኃና በሳሙና ዐሥራ አምስት ደቂቃ እጠቡ፤ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሲቆሙበት ረጅም ነው፣ በሰዓት ያዙት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ወደ ጸበልም ወደ ባህል ሐኪምም መሄድ የፈለገ ሰው ክትባቱን ጀምሮ ይሂድ፤ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል። የነከሰውን ውሻ በንዴት አትግደሉት። አስራችሁ ዐሥር ቀን ጠብቁት፤ በእነዚያ ቀናት ካልታመመና ካልሞተ ሲነክስ በሽታውን የሚያስተላልፍ አልነበረም።

ማምከን

ሴት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ገደማ ትፈልጋለች፣ ስድሳ ሦስት ቀን ያህል ታረግዛለች። ድመት ከዚያ የባሰች ናት፤ በአምስት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች። ቀዶ ሕክምናውን በማደንዘዣ የሚሠራ ሐኪም በየወረዳው አይገኝም፤ በክትባቱ ቀን ስትሄዱ ጠይቃችሁ ቀጠሮ ያዙ። ሐኪሙ እስኪገኝ ድረስ በምትፈልግበት ሦስት ሳምንት በተዘጋ ክፍል አቆዩአት። ወንዱንም አኮላሹት፤ ከግቢ እየወጣ መጥፋቱና ከሌሎች ጋር መናከሱ ይቀንሳል። ያለ ማደንዘዣ በባህላዊ መንገድ ማኮላሸትን ግን ለማንም እንስሳ አልመክርም።

ከእናንተ ጋር መኖር ካልቻለ ስምምነቱን አውጡና ለሰጪው መልሱ፤ እርሱ ካልተቀበለ ሌላ ቤት እስክታገኙ አቆዩት። ገበያ ቀን ወስዶ መልቀቅ፣ ወንዝ አሻግሮ መጣል ውሻውን ለመኪና ወይም ለጅብ መስጠት ነው። አዲስ ወሳጅ ሲመጣ እናንተ የተጠየቃችሁትን ሁሉ ጠይቁት፣ ነክሶ የሚያውቅ ከሆነም አትደብቁ፤ የክትባት ካርዱን ከቀበቶው ጋር አስረክቡት።